ሦስት ቁጥርና ዘጠኝ ቁጥር

ዛፍ በመውጣት ከሰበታ እስከ ተፍኪ የሚያክለኝ የለም። ወንዶቹንም ቆጥሬ ነው። ኦቦ ቦጂያ ችግኝ ጣቢያ በር ላይ ያለውን ረጅም ባሕር ዛፍ ጫፉ ድረስ ወጥቼ፣ እዚያው ሆኜ ስልክ አውርቼ ወርጃለሁ። የማያምን እሳቸውን ይጠይቅ። እሳቸው ስለ ስልኩ ሳይሆን ስለሰበርኩት ቅርንጫፍ ነው የሚያወሩት፤ ቢሆንም መውጣቴን አይክዱም።

ሄመን እባላለሁ፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ለምን አቋረጥሽ የሚለኝ ሰው ስለሚበዛ መልሱን እዚሁ ልጨርሰው፤ እናቴ ታመመች፣ ታናናሾቼን የሚይዝ ጠፋ፣ እኔ ቀረሁ። እናቴ ዳነች፣ እኔም ተመለስኩ፤ ግን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በክንድ እረዝም ስለነበር አፍሬ ወጣሁ። ይኸው ነው። አሁን በኦቦ ቦጂያ ችግኝ ጣቢያ ውሃ አጠጣለሁ፣ ትንንሽ ፕላስቲክ ውስጥ አፈር እሞላለሁ፣ የደረቀውን ከለመለመው እለያለሁ።

ፀሐይ የምትባለዋ ሴት ወደ ጣቢያችን የመጣችው በግንቦት መጨረሻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ዛፍ ትማራለች፣ ለዶክተርነት። የመጀመሪያ ቀን ዶክተር ብዬ ብጠራት ገና ነኝ፣ ፀሐይ በይኝ አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀስ ብላ ነው የምታወራው፤ ያልገባት ነገር ሲኖር ዝም ብላ ሰው ታያለች። የምትፈልገው ያረጁ ዋንዛዎች የት እንዳሉ የሚያውቅና ጫፋቸው ድረስ ወጥቶ ቅጠል የሚያወርድላት ሰው ነበር። ኦቦ ቦጂያ ሌላ ሰው ሳያስቡ እኔ እጄን አወጣሁ።

ሥራው ምን እንደሆነ ያስረዳችኝ አፈር ክምር ላይ ተቀምጠን ነው። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርጉት ውስጡ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ነገሮች ናቸው፤ ክሎሮፕላስት ይባላሉ። የፀሐይን ብርሃን ተቀብለው ምግብ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው፣ የቅጠሉ ወጥ ቤት በሏቸው። ታዲያ እያንዳንዷ ክሎሮፕላስት የራሷ መጽሐፍ አላት። መቶ ሃምሳ ሺህ ገደማ ፊደል ነው፣ ግን የፊደሉ ዓይነት አራት ብቻ ነው፤ እነዚያው አራቱ እየተደጋገሙ ይጻፋሉ። ፀሐይ የምትሠራው ያንን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ከእናት ዛፍ ብቻ ነው የሚወረሰው። ስለዚህ የሁለት ዛፎችን መጽሐፍ ጎን ለጎን ብታነቢ በእናት ይዛመዱ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አባትየውስ ብዬ ጠየቅኳት። አባትየው ሌላ ቦታ ነው የተጻፈው አለችኝ። ዛፍም ላይ እንዲህ ነው ማለት ነው።

ዘጠኝ ዛፍ መረጥን። አምስቱ ሰበታ ናቸው፣ ሦስቱ ቡራዩ፣ አንዱ ሱሉልታ። የፀሐይ ልብ ያለው ግን ሱሉልታዋ ላይ ነበር። ዋንዛ ሞቅ ያለ አገር ይወዳል፤ ሰበታ ይስማማዋል፣ ቡራዩም እንደምንም ይይዘዋል። የሱሉልታ ውርጭ ግን የገብስን ቡቃያ እንኳ ያቃጥላል። እዚያ ትልቅ ዋንዛ ቆሞ አየሁ ብሎ የነገራት የከብት ክትባት የሚሰጥ ሰው ነው። ፀሐይ ያ ዛፍ ብርድ ከለመደ የዋንዛ ዘር የተረፈ ነው ብላ አሰበች። መጽሐፉ ከሌሎቹ ተለይቶ ከተገኘ ዘሩን ለደጋው አገር ሁሉ ማባዛት ይቻላል፤ የዶክትሬት ጽሑፏም ትልቁ ምዕራፍ እሱ ይሆናል።

የኔ ልብ ያለው ደግሞ ሌላ ቦታ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ጅማ፣ ኢሉባቦር፣ ጎጃምና ባሌ እየዞረ ቅጠል የሚሰበስብ ሰው ትፈልጋለች። ይህን ዙር በደንብ ከሠራሽ ያ ሰው አንቺ ነሽ አለችኝ። እኔ በዚህ በኩል ከተፍኪ፣ በዚያ በኩል ከመናገሻ አልፌ አላውቅም። ያን ቀን ማታ ለታናናሾቼ ባሌ የት እንዳለ በጣቴ ግድግዳ ላይ አሳየኋቸው። የት እንዳለ እኔም አላውቅም፤ ግን ራቅ አድርጌ ነው ያሳየኋቸው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዛፎች አብረን ሰበሰብን። ሕጉ ብዙ ነው። ቅጠሉ ለጋ መሆን አለበት። መሬት የወደቀ አይነሳም። ከረጢቱ ውስጥ ውሃ የሚጠጡ ነጫጭ ፍሬዎች አሉ፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ እንደሚገኙት ዓይነት፤ ቅጠሉ ሳይበሰብስ ቶሎ የሚያደርቁት እነሱ ናቸው። ከረጢቱ ላይ ቁጥር ይጻፋል። ደብተር ላይ ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደቆረጠው ይጻፋል። በመጨረሻ ከረጢቱ ከግንዱ ጋር ፎቶ ይነሳል። ፀሐይ ላቦራቶሪ ሥራ ስለነበራት የቀሩትን ሰባቱን ለብቻዬ ሰበሰብኩ። ሦስት ቁጥር ሰበታ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ሽማግሌ ዋንዛ ነው፤ እሱን እንደ ደረጃ ነው የወጣሁት።

ዘጠኝ ቁጥር ላይ ግን ዘነበ። ሰኔ ነበር። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሱሉልታ፤ አራት ታክሲ ቀይሬ ስደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ዛፉ የአዴ ድንቅቱ ማሳ ዳር ነው ያለው። አዴ ድንቅቱ ሰባ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ ሴት ናቸው። አስፈቅጄ ዛፉ ሥር ሄድኩ። ግንዱ እንደ ጢም የሚንጠለጠል የዛፍ ሽበት አብቅሏል፣ ሽበቱ ዝናብ ጠጥቷል። የአንድ ሰው ቁመት ያህል ወጣሁና ተንሸራትቼ ወረድኩ። ሁለተኛ ሞከርኩ። በሁለተኛው ሱሪዬ ከኋላ እስከ ጉልበት ተቀደደ።

አዴ ድንቅቱ ቤት ገብተው ረጅም እንጨት ይዘው መጡ። ጫፉ ላይ ማጭድ ታስሮበታል፤ በበጋ ለጥጆቻቸው ቅጠል የሚያወርዱበት ነው። ላይኛውን ቅርንጫፍ አንዴ ሳብ ሲያደርጉት እጄ ላይ ወደቀ። ለጋውን መርጬ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ደብተሩ ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ? «ሄመን ወጥታ ቆረጠችው» ብዬ ጻፍኩ። ዛፍ ለመውጣት የተቀጠረች ልጅ አሮጊት አወረዱልኝ ብላ ልትጽፍ ነው? ፎቶውንም አነሳሁ፤ ግን ፀጉሬ በዝናቡ ጥቅልል ብሎ አምሮብኝ ስለነበር ካሜራውን ወደ ራሴ አዞርኩት። ከረጢቱ ይታያል፣ እኔ እታያለሁ። ዛፉ አይታይም።

ክረምቱ አለፈ። በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ፀሐይ ደውላ ላቦራቶሪ ነይ አለችኝ። ድምፅዋ ደስ አላለኝም፤ ግን ጫማዬን አጥቤ ሄድኩ።

ጠረጴዛው ላይ ከስልክ የማትበልጥ ማሽን ላፕቶፕ ላይ ተሰክታለች። ፊደሉን የምታነበው እሷ ናት። ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ መስመር ተደርድሯል፣ በየመስመሩ አራቱ ፊደላት በአራት ቀለም። ፀሐይ በጣቷ ወደ ጎን እየገፋች አሳየችኝ። አንድ ቁጥርና ሁለት ቁጥር እዚህ ላይ ይለያያሉ። የቡራዩዎቹ እዚህ ላይ ፊደል ይጎድላቸዋል። ከዚያ ሦስት ቁጥርንና ዘጠኝ ቁጥርን ብቻ አስቀረች። ገፋች፣ ገፋች፣ ገፋች። አንድ ዓይነት ናቸው።

«ሄመን፣ ዘጠኝ ቁጥርን ከየት ነው ያመጣሽው?» አለችኝ።

«ከሱሉልታ።»

«መቶ ሃምሳ ሺህ ፊደል ውስጥ አንድ እንኳ ልዩነት የላቸውም። የሰበታ ዛፎች እርስ በርሳቸው እንኳ ይለያያሉ። ሱሉልታ ያለው ዛፍ ከወፍጮ ቤቱ ዛፍ ጋር በፊደል እንኳ ሳይለይ እንዴት ይገጥማል?»

ማሽኗ ተሳስታ እንደሆነስ አልኳት። ሁለት ጊዜ እንደገና አስነብባታለች። ከዚያ ሳትቆጣ፣ ይህ ነው ያናደደኝ፣ ሳትቆጣ ነገረችኝ። መንገድ የሰለቸው ሰብሳቢ ከአንድ ዛፍ ሁለት ከረጢት ይሞላል፤ እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም፣ በሁሉም ላይ ይደርሳል። ፎቶውን ከፈተች። እኔ ፈገግ ብያለሁ። ከኋላዬ ያለው ግራጫ ሰማይ ነው። ስልኩ ቦታውን እንዳይመዘግብ ያጠፋሁትም እኔው ነኝ፣ ባትሪ ይበላል ብዬ። ሰበታ ይሁን ሱሉልታ ማን ያውቃል? እኔ ራሴ ራሴን ባላውቅ አላምነኝም።

ለጅማው ሥራ ከሆለታ ዲሪርሳ የሚባል ልጅ እንዳናገረች ነገረችኝ። የደን ዲፕሎማ አለው። አመሰገነችኝና በሩን ከፈተችልኝ።

እስከ አየር ጤና በእግሬ ሄድኩ። አላለቀስኩም። ትንሽ አልቅሻለሁ። የሚያበግነው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዋሽቼ አውቃለሁ፤ ስዋሽ ተይዤም አውቃለሁ፣ ያ ይገባኛል። እውነት ተናግሮ መያዝን ግን አልለመድኩትም። ሱሉልታ ድረስ አራት ታክሲ፣ አንድ ሱሪ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ወሰንኩ። ፀሐይ ያንን ዛፍ በዓይኗ ሳታየው ሥራዬን ለማንም አልለቅም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ችግኙን ሁሉ አጠጣሁና በሁለት ሰዓት ላቦራቶሪው በር ላይ ቆምኩ። ጥበቃው ቀጠሮ አለሽ ወይ አለኝ። የለኝም። እንግዲያው ሂጂ አለኝ። አጥሩ ውስጥ ነው የምትከለክለኝ፣ አስፋልቱ የመንግሥት ነው አልኩት። ፀሐይ በመኪና ስትገባ አየችኝ፣ ስትወጣም አየችኝ፤ አልቆመችም። ሁለተኛ ቀንም እንደዚያው። ኦቦ ቦጂያ ደሞዜን በመቁረጥ ፈንታ ጤንነቴን መጠራጠር ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን ጥበቃው ድንጋይ አቀረበልኝና ቢያንስ ተቀመጪ አለኝ። ልቀመጥ ስል ፀሐይ አሮጌ ፒክአፗን አጠገቤ አቆመች፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ሱሉልታ እንሂድ።»

«ሄጄስ? ዛፉ መኖሩን አልተጠራጠርኩም። ቅጠሉን ከእሱ መቁረጥሽን ዛፉ አይነግረኝም።»

«ዛፉ ባይነግርሽ ሴትየዋ ይነግሩሻል።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

ደብተሩ ላይ ሴትዮ የለችም። ደብተሩ ላይ ያለችው ሄመን ናት፤ ወጥታ የቆረጠችው ሄመን። ዝም ብል ቅጠሉን ከወፍጮ ቤቱ ዛፍ ነው ያመጣችው ብላ ታስባለች፤ ብናገር ዋሽታለች ትላለች። ሁለቱም ዞሮ ዞሮ እኔን ነው የሚመታው። ጥበቃው ደግሞ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል።

«አልወጣሁም» አልኳት። «ዘነበ፣ ተንሸራተትኩ፣ ሱሪዬ ተቀደደ። የግቢው ባለቤት በማጭድ አወረዱልኝ። አፍሬ ነው ወጣሁ ብዬ የጻፍኩት።»

«ስለዚህ ዋሽተሻል።»

«በመውጣቱ ዋሽቻለሁ። በዛፉ አልዋሸሁም።»

ያልገባት ነገር ሲኖር እንደምታደርገው ዝም ብላ አየችኝ። ኋላዋ የቆመ መኪና ጥሩምባ ነፋ። እጇን ዘርግታ የጎኗን በር ከፈተችው።

በእንጦጦ ጀርባ ወጣን። ሱሉልታ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቷል፣ ፈረሶች ሆዳቸው ድረስ ሣር ውስጥ ገብተዋል። ብርዱ በመስኮት ቀዳዳ ይገባል። ዛፉን ከሩቅ ሳሳያት ፍጥነቷን ቀነሰች። እውነትም ዋንዛ ነው፤ ሰፊ፣ ክብ፣ ነጭ አበባው ገና መውጣት የጀመረ፣ ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ መሀል የጠፋ እንግዳ ይመስላል።

አዴ ድንቅቱ አጥራቸውን እየጠገኑ ነበር። አካም ጅርቱ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ ዞር በይ በሚል እጃቸውን አወዛወዙ፣ እኔም ዞርኩ።

«ሱሪሽን ሰፋሽው?» አሉኝ።

ፀሐይን አየኋት። ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላላ። ማጭድ የታሰረበትን እንጨት አሳዩዋት፣ ቅርንጫፉ የተቆረጠበትንም ቦታ አሳዩዋት። ጠባሳው ደርቆ ጎኑ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ፀሐይ እጇን ግንዱ ላይ አድርጋ ቆየች። እኔ ነፃ ወጥቻለሁ፤ እሷ ግን ነገሩ ባሰባት። ቅጠሉ ከዚህ ከሆነ፣ ይህ ዛፍ የወፍጮ ቤቱን ዛፍ መጽሐፍ ከየት አመጣው?

«እማማ፣ ይህ ዛፍ ስንት ዓመት ይሆነዋል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

አዴ ድንቅቱ አላሰቡም። እዚህ ባል ቤት የገባሁበት ዓመት ነው አሉ። ሃምሳ ሦስት ዓመት። የመጡት ከሰበታ ነው። ያኔ ሰበታ ከዚህ የአንድ ቀን ተኩል የእግር መንገድ ነበር፤ እናታቸውን ቶሎ እንደማያዩ አውቀዋል። የእናታቸው ግቢ በር ላይ ትልቅ ዋንዛ ነበረ፤ ልጅ ሆነው ከሥሩ ፍሬውን እየለቀሙ አፋቸው እስኪጣበቅ የበሉት። ከቤት ሊወጡ ሲሉ ዘጠኝ ፍሬ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ዘጠኙንም እዚህ ዘሩ። አራቱ በቀሉ፣ ሦስቱን የጥቅምት ውርጭ ገደላቸው። አንዱን ለሰባት ዓመት፣ ጥቅምት በመጣ ቁጥር፣ እንደ ሕፃን በገለባ እየጠቀለሉ አሳደጉት። አማታቸው እብድ ነች ይሏቸው ነበር።

«የእናትዎ ግቢ ሰበታ የት ጋ ነበር?» አለች ፀሐይ።

«አሁን ወፍጮ ቤት ሠርተውበታል ይሉኛል። ዛፉ አለ የለም አላውቅም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ከሄድኩ ብዙ ዓመቴ ነው።»

ዛፉ እንዳለ ነገርኳቸው። ወጥቼበታለሁ አልኳቸው፤ ይህኛው እውነት ነው። አዴ ድንቅቱ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው አፋቸው ላይ አደረጉት፣ ከዚያ ወደ አጥራቸው ተመለሱ።

ፀሐይ መኪናው ኮፈን ላይ ተደገፈች። ብርድ የለመደ ዘር የሚባል ነገር የለም ማለት ነው አለችኝ። ዛፉ የሰበታ ልጅ ነው፤ ብርዱን የቻለው በደሙ ሳይሆን በሴትየዋ ገለባ ነው። ትልቁ ምዕራፏ ሄደ። አዝናለሁ ልላት ፈለግኩ፤ ግን ፊቷን ሳየው የሐዘን አልነበረም። ሦስት ቁጥር እናት፣ ዘጠኝ ቁጥር ልጅ አለች ለራሷ። ከቤት ወደ ቤት የሄደ ፍሬ፤ ሰው ተሸክሞት፤ እሱም ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ተጽፎ። ስንት ዋንዛ እንዲህ ተጉዞ ይሆን? ማንም ሴቶቹን ጠይቆ አያውቅም አለች። ምዕራፉ እንዳልሄደ፣ ሌላ ምዕራፍ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ደብተሩን ከመኪናው አወጣች። «ሄመን ወጥታ ቆረጠችው» የሚለውን አንድ መስመር ሰረዘችበትና እስክሪብቶውን ለኔ ሰጠችኝ። ራሴ ጻፍኩ፦ ሄመን መውጣት አቅቷት አዴ ድንቅቱ በማጭድ አወረዱላት። ጮክ ብለሽ አንብቢው አለችኝ። አነበብኩት። ሰማይ አልወደቀም። ከዚያ ፎቶ አነሳች፤ ከረጢቱን፣ ግንዱን፣ አዴ ድንቅቱንም። እኔን ግን ዳር ላይ ነው ያስገባችኝ፣ ግማሽ ፊቴ ተቆርጧል።

«ጅማ የምንሄደው ጥቅምት አሥር ነው» አለች። «ዲሪርሳ ባሌን ይይዛል። አንቺ ደብተር ላይ አንዲት ቃል ብትዋሺ ከየትም ብትሆኚ በእግርሽ ነው የምትመለሺው።»

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ትንሽ ብኮራ ማን ይፈርድብኛል? ማሽንሽ ፊደል ብቻ ነው የቆጠረችው አልኳት። ይህን ታሪክ ያገኘሽው በኔ ነው፤ ሦስት ቀን በር ላይ ባልቆም፣ ጎትቼ እዚህ ባላመጣሽ፣ ዛፉ የማን ልጅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቂም ነበር። እኔ እኮ ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ ነኝ አልኳት፤ አዴ ድንቅቱም እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ፀሐይ ወደ አዴ ድንቅቱ ዞረችና፣ እማማ፣ ይህን በሰኔ ለዚህች ልጅ ቢነግሯት ኖሮ ሁላችንም ይህን ሁሉ ባልተሰቃየን፤ ለምን ዝም አሉ ብላ ጠየቀቻቸው።

አዴ ድንቅቱ ከአጥሩ ላይ ቀና እንኳ አላሉም።

«ልነግራት አፌን በከፈትኩ ቁጥር እሷ ገባችበት፤ የወጣችባቸውን ዛፎች ስትቆጥርልኝ ነው የመሸው።»